ጓዝን ሳይጥሉ መሻገር፦ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፣ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርዕሰ ጉዳይ ከፖለቲካውም ከታሪኩም ወጣ ያለ ነው። ጉዳዩ የእጅ ስልክ ነው። «ስለ ስልክ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በሰው አገር ለሚኖር ሰው ስልክ እንዲሁ ዕቃ ብቻ አይደለም። የእናት ድምፅ፣ የእኅት ሠርግ ፎቶግራፍ፣ የዕቁቡ ሒሳብ፣ የዕድሩ ጥሪ፣ ከአገር ስንወጣ ይዘነው የመጣነው ሙዚቃና መዝሙር፣ ሁሉም ያለው መዳፍ በምታክል ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ስልክ ወደ ሌላ ዓይነት መሻገር ቤት እንደ መልቀቅ ነው። የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል። ስልክ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የምኖረው በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ፣ ከፖላሪስ ብዙም በማይርቅ ሠፈር ነው። ለማታውቁት፣ ፖላሪስ በከተማይቱ ሰሜናዊ ጫፍ አውራ ጎዳና 71ን ተንተርሶ የተቆረቆረ የንግድና የቢሮ ሠፈር ነው። ስሙ የሰሜን ኮከብ ስም ነው። ትልቁ የገበያ ማዕከል የተከፈተው በ2001 ሲሆን፣ የአይኪያ የቤት ዕቃ መደብር ደግሞ በ2017 መጣ። የቼዝ ባንክ ግዙፍ ሕንፃም እዚያው ነው። በገበያ ማዕከሉ ውስጥ የአፕል መደብር አለ፤ በአካባቢው ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች ሱቆች ሞልተዋል። የእኛም ሰው ቅዳሜ ከሥራ ሲያርፍ፣ ወይም የግብር ተመላሽ ገንዘብ ሲደርሰው፣ ስልክ ለመቀየር ወደዚያው ያቀናል። ከኮምፒዩተር ጋር ጥቂት ስለምተዋወቅ «እስቲ ፖላሪስ ድረስ አብረኸኝ ና» የሚለኝ ወዳጅ አላጣም። የምነግራችሁም በዚህ መልኩ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

ለመሆኑ ለምን ይቀየራል?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኞቻቸው ሁሉ አይፎን ስለያዙ «አረንጓዴ ሆኜ ቀረሁ» ይላሉ። ይኼ የቀለም ነገር እንዲህ ነው፦ አይፎን ከአይፎን ጋር ሲጻጻፍ አይሜሴጅ በተባለው በአፕል የራሱ መንገድ ይሄድና መልእክቱ በሰማያዊ ይታያል። ከአንድሮይድ ጋር ሲጻጻፍ ግን በተራው የስልክ መልእክት መንገድ ይሄድና አረንጓዴ ይሆናል። ቪዲዮውም ተጨምቆ፣ ደብዝዞ ይደርስ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 አፕል አርሲኤስ የተባለውን አዲስ የመልእክት ሥርዓት በአይፎን ላይ ከተቀበለ ወዲህ የቪዲዮው ጉዳይ ተሻሽሏል፤ አረንጓዴው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል።

በ2022 በአንድ ስብሰባ ላይ ተሰብሳቢ የሆነ ሰው ለአፕል ኃላፊ ለቲም ኩክ ይህንኑ ችግር አንሥቶ፣ ለእናቱ አንዳንድ ቪዲዮዎችን መላክ እንዳቃተው ቢነግረው፣ ኃላፊው ለእናትህ አይፎን ግዛላት ብሎ መለሰለት። ተሰብሳቢው ሳቀ ይባላል። እኛ ግን እናታችን ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ናት። እሷ ብቻ ሳትሆን እኅት፣ አጎት፣ ጎረቤትና የንስሐ አባትም አሉ። ለሁሉም አይፎን ገዝቶ የሚዘልቀው ማን ነው?

በተቃራኒው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚመለስም አለ። አንዱ ዋጋው ከብዶት ነው። ሌላው አገር ቤት ሲመላለስ ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ፈልጎ ነው። በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች በ2022 ከወጣው ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። የሚሠሩት ኢሲም በሚባለው፣ ካርድ በሌለው ሲም ነው። አዲስ አበባ ገብታችሁ በኪሳችሁ ያቆያችሁትን የድሮ ሲም እሰካለሁ ብትሉ ቀዳዳውን አታገኙትም። ስለዚህ ከመጓዛችሁ በፊት የአገር ቤቱን ቁጥራችሁን ወደ ኢሲም ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስት ዓይነት ንብረት

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስልካችን ላይ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል። አይደለም። ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ስልኩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠው ነው። ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተጸዳ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው በሌላ ቦታ፣ በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠው ነው። የትኛውንም ስልክ ብትይዙ መለያ ስማችሁን ስታስገቡ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛው ደግሞ የእናንተ ቢሆንም በአንድ ኩባንያ አጥር ውስጥ የታሰረው ነው። አጥሩን ስትወጡ ይዛችሁት አትወጡም። ስልክ ከመቀየራችን በፊት መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ነገር ከሦስቱ የትኛው ነው?

ይህን ይዘን መልእክት መላላኪያዎቻችንን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቴሌግራም

በ2013 የተጀመረውና አገር ቤትም ሆነ እዚህ የምንወደው ቴሌግራም ለሚሻገር ሰው የተመቸ ነው። መልእክቱ የሚቀመጠው በድርጅቱ ኮምፒዩተሮች ላይ በመሆኑ፣ በአዲሱ ስልክ ቁጥራችሁን ስታስገቡ የዓመታት ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ እንዳለ ይጠብቃችኋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የምስጢር ውይይት የሚባለው ክፍል የተቀመጠው በዚያው ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ አይከተላችሁም። ሁለተኛ፣ የመግቢያው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚላከው በአሮጌው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው። ስለዚህ አዲሱ ስልክ ላይ ሳትገቡ አሮጌውን አታጥፉ።

ዋትስአፕ

ዋትስአፕ ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙ ዕንባ የፈሰሰውም በእርሱ ነው። የዋትስአፕ መልእክት የሚቀመጠው በስልኩ ውስጥ ነው። ባክአፕ የሚባለው መጠባበቂያ ቅጂ ከአንድሮይድ ወደ ጉግል ድራይቭ፣ ከአይፎን ደግሞ ወደ አይክላውድ ይሄዳል። ጉግል ላይ የተቀመጠውን አይፎን አያነበውም፤ አይክላውድ ላይ የተቀመጠውንም አንድሮይድ አያነበውም። «ባክአፕ አድርጌያለሁና አያሳስበኝም» የሚለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጂው አለ፤ የሚከፍተው ቁልፍ ግን በማዶ ቀርቷል።

እስከ 2021 ድረስ ለዚህ የተፈቀደ መፍትሔ አልነበረም። በዚያ ዓመት ከአይፎን ወደ ሳምሰንግ፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎች አዳዲስ አንድሮይዶች ማዛወር ተቻለ። በ2022 ደግሞ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚወስደው መንገድ ተከፈተ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የምትሄዱ ከሆነ፣ በአሮጌው ስልክ ላይ ሙቭ ቱ አይኦኤስ የተባለውን የአፕል መተግበሪያ ጫኑ። አዲሱ አይፎን ገና ከካርቶኑ የወጣ ወይም እንደ አዲስ የተጸዳ መሆን አለበት። ሲከፈት ከአንድሮይድ መረጃ ላምጣ ወይ ብሎ ይጠይቅና ቁጥር ያወጣል። ያንን ቁጥር በአሮጌው ስልክ ላይ ታስገባላችሁ። ከሚሻገሩት ዝርዝር ውስጥ ዋትስአፕን መምረጥ አትርሱ። ሁለቱንም ስልኮች ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ሳትነካኩ ተዉአቸው።

ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ስልኮች በገመድ ታገናኛላችሁ። አዲሱ አንድሮይድ ገና በመክፈቻው ላይ መሆን አለበት። ለዋትስአፕ ሲደርስ የሚታየውን ባለ አራት ማዕዘን ኮድ በአይፎኑ ካሜራ ታነባላችሁ። በሁለቱም መንገድ የስልክ ቁጥሩ ያው መሆን አለበት። የጥሪዎች ዝርዝር አይሻገርም፤ ውይይቱ፣ ፎቶውና የድምፅ መልእክቱ ግን ይሻገራል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት መሆኑ ነው። ስልኩን ከፍታችሁ ለሳምንት ከተጠቀማችሁበት በኋላ ላዛውር ብትሉ እንደገና ማጽዳት ሊኖርባችሁ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ይመስላል።

አንድ ያየሁት ጉዳይ

የማውቃት አንዲት እናት አለች። አባቷ ጎንደር ውስጥ ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ ስለሚከብዳቸው የልጅ ልጃቸው ዋትስአፕ ከፍቶላቸው በየሳምንቱ ድምፃቸውን ይልኩላት ነበር። ምርቃት፣ የዝናቡን ነገር፣ የጎረቤቱን ነገር፣ «ልጄ በልተሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ። አባቷ ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ቀየረች። የሱቁ ሠራተኛ አሮጌውን አንድሮይድ ከሰጠሽን ከዋጋው ላይ እንቀንስልሻለን አላት፤ ሰጠች። ሠራተኛው ፎቶና ስም ዝርዝሩን አዛወረላትና አሮጌውን እዚያው ፊቷ አጸዳው። ማታ ቤቷ ገብታ ዋትስአፕን ብትከፍተው ባዶ ነው። ሰው ያረፈ ያህል አለቀሰች። ሁለት ጊዜ ቀበርኩት ነው ያለችው።

እንደ ዕድል ሆኖ በአሮጌው ስልክ ላይ የጉግል መጠባበቂያ ቅጂው በርቶ ነበር። ቅጂው ደግሞ ዘላለም አይቀመጥም፤ ለወራት ካልታደሰ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ፈጠን ብለን አሮጌ አንድሮይድ ተዋስን። በጉግል መለያዋ ገባን፣ በያው ቁጥሯ ዋትስአፕን ከፈትን፣ ቅጂውን መለስን። የአባቷ ድምፅ በተዋስነው ስልክ ላይ ሲሰማ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አልተናገረም። ከዚያም አይፎኑን እንደ አዲስ አጽድተን ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ አሻገርነው። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የተሳካው ግን ቅጂው ስለነበረ ብቻ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ማንም ሊረዳት አይችልም ነበር።

ይህን የማወራችሁ ለታሪኩ ብዬ አይደለም። የብዙዎቻችን ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አለ። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት የመጣችው የመጨረሻዋ መልእክት ለብዙ ቤተሰብ የቀረችው ማስታወሻ ነበረች። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር ቤት ውስጥ ታግደው እስከ ጁላይ ቆይተዋል። አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው ስንሸሽ መልእክታችን በሦስትና በአራት ቦታ ተበታትኗል። ስለዚህ ስልክ ስትቀይሩ ዋናውን ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በፊት የተዋችሁትን ቫይበርንና ኢሞንም ከፍታችሁ እዩ።

ከሁሉ የሚበልጥባችሁን ድምፅ ደግሞ ለአንድ መተግበሪያ አደራ አትስጡ። ዋትስአፕ ላይ አንድን ውይይት ለብቻው ከነድምፁ አውጥቶ ወደ ኢሜይል መላክ ይቻላል። ድምፁን መርጣችሁ ቴሌግራም ውስጥ ለራሳችሁ በምታስቀምጡበት ክፍል ማኖርም ይቻላል። ኮምፒዩተር ላይ አንድ ቅጂ፣ ለእኅት ወይም ለወንድም ሌላ ቅጂ መስጠት ከሁሉ ይሻላል።

አይሜሴጅ፦ በር ዘግቶ መውጣት

ከአይፎን የሚወጣ ሰው ሊረሳ የማይገባው አንድ ነገር አለ። አይሜሴጅ በ2011 ሲጀመር የስልክ ቁጥራችሁን በአፕል መዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር፤ ዛሬም ያሰፍራል። ሲሙን አውጥታችሁ አንድሮይድ ውስጥ ብትከቱትም መዝገቡ አያውቅም። አይፎን ያላቸው ወዳጆቻችሁ ሲጽፉላችሁ መልእክቱ ወደ አፕል ይሄድና እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ላኪው ደርሷል ብሎ ያስባል፤ እናንተ ደግሞ ረሳኝ ብላችሁ ታዝናላችሁ። በዚህ ምክንያት በ2014 ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ እስከ መመሥረት ተደርሷል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አፕል ቁጥርን ከመዝገቡ መሰረዣ ገጽ ከፈተ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሲሙን ከማውጣታችሁ በፊት በአይፎኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አይሜሴጅንና ፌስታይምን አጥፉ። አይፎኑ ከእጃችሁ ከወጣ ደግሞ በአፕል ድረ ገጽ ላይ ቁጥራችሁን አስገቡ፤ በመልእክት የሚላክላችሁን ማረጋገጫ ቁጥር ስትመልሱ ትሰረዛላችሁ። የቤተሰብ የጋራ ውይይት ካለም ከእናንተ ጋር እንደ አዲስ እንዲከፈት ንገሩ፤ አሮጌው አንዳንዴ ያስቸግራል።

የስም ዝርዝርና የ251 ነገር

ስም ዝርዝሩ ራሱ በቀላሉ ይሻገራል። ጉግል መለያ ላይ ካስቀመጣችሁት በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ ይታያል። አይክላውድ ላይ ያለውንም በኮምፒዩተር አውርዶ ጉግል ላይ መጫን ይቻላል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ብዙዎቻችን የአገር ቤቱን ቁጥር 0911 ብለን ነው የመዘገብነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ስልክ ግን እንዲህ የተጻፈን ቁጥር የአሜሪካ ቁጥር አድርጎ ያነበዋል። በዚህም ምክንያት ዋትስአፕና ቴሌግራም ሰውዬውን አያውቁትም፤ በስሙ ፈንታ ቁጥሩ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ዜሮውን አጥፍታችሁ የመደመር ምልክትና 251 ጨምራችሁ መዝግቡ። በ2022 ሥራ ከጀመረው ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ጋር የመጡትን በ07 የሚጀምሩትንም እንዲሁ አድርጉ። ከመሻገራችሁ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ይህን ብታስተካክሉ በኋላ «ማን ነህ?» ብሎ ከመጠየቅ ትድናላችሁ።

ሙዚቃው

በወርኃዊ ክፍያ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ሙዚቃ በሁለቱም ላይ አሉ። አፕል ሙዚቃም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአንድሮይድ ላይ ይሠራል። ያወረዳችኋቸው ዘፈኖች ብቻ እንደገና መውረድ አለባቸው። የመረጣችኋቸውን ዝርዝሮች ከአፕል ሙዚቃ ወደ ዩቲዩብ ሙዚቃ፣ ከዚያም ወደዚህ ማዛወር የተቻለው በ2024 ነው።

ከአፕል መደብር አንድ በአንድ ስለገዛችኋቸው ዘፈኖች ደግሞ ይህን ዕወቁ። መደብሩ በ2003 ሲከፈት ዘፈኑ ከአፕል ዕቃ ውጪ እንዳይሰማ የሚያደርግ ቁልፍ ነበረበት። ቁልፉ የተነሣው በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገዛው አንድሮይድ ላይም ይሰማል፤ ከዚያ በፊት የተገዛው እንደተቆለፈ ፋይል ከሆነ ግን አይሰማም።

ትልቁ ጣጣ ያለው የእኛው ሙዚቃ ላይ ነው። የብዙዎቻችን ዘፈንና መዝሙር የመጣው ከካሴት ተገልብጦ፣ ከሲዲ ተቀድቶ፣ ከወዳጅ ፍላሽ ላይ ተወስዶ ነው። እንዲህ ያለው በየትኛውም መደብር መዝገብ ላይ የለም፤ ያለው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። ወደ አይፎን የሚያሻግረው የአፕል መተግበሪያ ሙዚቃን አያሻግርም። በእጅ መወሰድ አለበት። መንገዱ ፋይሎቹን መጀመሪያ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ ነው። አንድሮይድ በገመድ ሲገናኝ እንደ ፍላሽ ስለሚከፈት መገልበጡ አያስቸግርም። አይፎን ግን እንዲያ አይቀበልም፤ በአፕል የራሱ ፕሮግራም በኩል ማስገባት ያስፈልጋል። አለዚያም ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ አይፎኑ ላይ ጭናችሁ በቤታችሁ ዋይፋይ በኩል መላክ ትችላላችሁ። ሌላው ዘዴ ዩቲዩብ ሙዚቃ ላይ የራሳችሁን ፋይል መጫን ነው፤ እስከ 100 ሺህ ዘፈን ያለ ክፍያ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ስልክ ብትቀይሩም ይከተላችኋል።

የዘፈኑ ስም ተበላሽቶ፣ ጭረትና ነጥብ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የራሱ አጻጻፍ ነበረው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ስም በዛሬ ስልክ ላይ አይነበብም። ድምፁ ግን ደህና ነው። ከመሻገራችሁ በፊት ኮምፒዩተር ላይ ስሙን እንደገና ጻፉት።

መተግበሪያዎቹ

በገንዘብ የገዛችሁት መተግበሪያ ከሦስተኛው ዓይነት ንብረት ነው። በአንዱ መደብር የከፈላችሁበት በሌላው አይታወቅም፤ እንደገና ትገዛላችሁ። በየወሩ የሚከፈልበት ካለ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በነበረበት መደብር በኩል አቋርጡት። መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጥም።

ከዚህ የሚከብደው የማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጠው መተግበሪያ ነው። ባንክ፣ ኢሜይልና መሥሪያ ቤት ስትገቡ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ማለቴ ነው። አሮጌው ስልክ ከተጸዳ ቁጥሩ የሚመጣበት የለም፤ ከራሳችሁ ቤት ውጪ ትቆማላችሁ። የጉግሉን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መለያዎችን ወደ ሌላ ስልክ ማዛወሪያ አለው። አንዱ ስልክ ኮድ ያሳያል፣ ሌላው ያነበዋል፤ አይፎንም ሆነ አንድሮይድ ለውጥ የለውም። የይለፍ ቃሎቻችሁን አፕል ወይም ጉግል ይይዝላችሁ ከነበረም ለዋና ዋናዎቹ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

በ2021 የተጀመረውን ቴሌብርንም ሆነ የአገር ቤት ባንኮችን መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ማረጋገጫው ብዙውን ጊዜ የሚላከው ወደ ኢትዮጵያው ቁጥር መሆኑን አትርሱ። ያ ሲም የሚሠራበት ስልክ በእጃችሁ ሳይኖር አትነካኩት።

ፎቶዎቻችሁንም በዚሁ ላንሣ። አይክላውድ በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት፣ ጉግል ደግሞ 15 ጊጋባይት ነው። አፕል ፎቶን በቀጥታ ወደ ጉግል የሚልክ አገልግሎት ከ2021 ጀምሮ አለው፤ ከጉግል ወደ አፕል የሚመልሰው ደግሞ በ2024 ተከፈተ። ስብስባችሁ ትልቅ ከሆነ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬ አዝዛችሁ ዛሬውኑ አትጠብቁ።

ቅደም ተከተሉ

ላሳጥረው። ከመግዛታችሁ ሳምንት በፊት የስም ዝርዝሩን አስተካክሉ፣ ሙዚቃውን ኮምፒዩተር ላይ ገልብጡ፣ ፎቶውን መላክ ጀምሩ። በዋዜማው ዋትስአፕን ባክአፕ አድርጉ፣ የምትወዷቸውን ድምፆች ለይታችሁ አውጡ፣ ወርኃዊ ክፍያዎችን አቋርጡ። በዕለቱ ከአይፎን የምትወጡ ከሆነ አይሜሴጅን አጥፉ። ማሻገሩን ግን ሱቅ ቆማችሁ ሳይሆን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ በራሳችሁ ዋይፋይ አድርጉት። ሻጩ ወረፋ አለበት፤ እናንተ ግን የዓመታት ትዝታ ነው የያዛችሁት።

አሮጌውን ስልክ ቢያንስ ለአንድ ወር አታጽዱት፤ ለማንም አትስጡት። በቅናሹ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ የማስረከቢያው ጊዜ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁና እስከ መጨረሻው ቀን ያዙት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ሞኝ መባል አያስነውርም። ስልኩን ወደ አገር ቤት ልትልኩት ካሰባችሁ ደግሞ በአንድ ኩባንያ የተቆለፈ እንዳይሆን አስከፍቱት። በኦገስት 2014 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ስልክን ማስከፈት ፈቅዷል፤ ክፍያው ያላለቀ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይቆያል።

የማን ነው?

ለማጠቃለል አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ እስከ 2003 ድረስ የስልክ ኩባንያ የቀየረ ሰው የእጅ ስልክ ቁጥሩን ያጣ ነበር። ቁጥሩ የደንበኛው ሳይሆን የኩባንያው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ወር ላይ ግን ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ እንዲሄድ ተደነገገ። ዛሬ ይህ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይታየናል። ስለ መልእክታችን ግን ገና አልተደነገገልንም። የአውሮፓ ኅብረት ከማርች 2024 ጀምሮ ታላላቆቹ ኩባንያዎች የተጠቃሚውን መረጃ ይዞ መውጣት እንዲያመቻቹ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አውሏል። በዚያው ወር የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን ሲከስስ፣ ሰው ከአይፎን እንዳይወጣ ያስቸግራሉ ካላቸው ነገሮች መካከል የመልእክቱን ጉዳይ ጠቅሷል። ፍርድ ቤትና ሕግ አውጪ በጊዜያቸው ይበይኑት። እኛ ግን ያ ብይን እስኪመጣ የአባታችንን ድምፅ በማንም አጥር ውስጥ ልናቆየው አይገባም።

ከአገራችን ስንወጣ ሻንጣችን የሚችለው ኪሎ ተለክቶ ስለነበር ብዙ ነገር ትተን መጥተናል። አሁን የምንተወው ነገር ኪሎ የለውም፤ የሚጠይቀን የአንድ ሳምንት ዝግጅት ብቻ ነው። ስለዚህ ስልክ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ሁሉ ካርቶኑን ከመቅደዳችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩዋት፤ ለማያነቡት አባቶችና እናቶችም አንብቡላቸው።

ቸር ይግጠመን።